ጉልበት ላስቀይር ወይስ ልቆይ? ከመወሰንዎ በፊት አንድ በአንድ የሚታዩ ነገሮች

እናቴ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። አሳንሰር የለም። ከመሬት እስከ በሯ 54 ደረጃ ነው። ቁጥሩን የማውቀው እሷ ስለምትቆጥረው ነው። ድሮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዴ አረፍ ብላ ትቀጥል ነበር። ኋላ ኋላ በየአሥር ደረጃው መቆም ጀመረች። ዘንቢሏን ታስቀምጣለች፣ የደረጃውን ብረት ትይዛለች፣ ጉልበቷን በመዳፏ አሸት አሸት ታደርግና "እህህ" ብላ ትነሳለች።

የአጥንት ዶክተሩ ኤክስሬዩን አየው። በሁለቱ አጥንቶች መካከል መኖር የነበረበት ክፍተት የለም። እኔ በልቤ "እንግዲህ ቀዶ ጥገና ነው" ብዬ ጨርሻለሁ። እሱ ግን ወደ እናቴ ዞሮ፣ "እማማ፣ ጉልበትዎን አይቻለሁ። አሁን ደግሞ ቤትዎን ይንገሩኝ" አላት። ስንተኛ ፎቅ እንደምትኖር ጠየቃት። ሽንት ቤቷ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ትሰግድ እንደሆነ፣ ብትታመም ማን አጠገቧ እንደሚሆን ጠየቃት።

ኤክስሬይ ልስልስ አጥንቱ፣ ማለትም የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ሽፋን፣ ምን ያህል እንደተበላ ይናገራል። ማስቀየር ይጠቅምዎት እንደሆነ የሚናገረው ግን ኑሮዎ ነው። እኛ ውሳኔው ላይ ለመድረስ ሰባት ወር ፈጅቶብናል። በዚያ ጊዜ የተማርነውን እንዲህ አድርጌ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። የምጽፈው ጉልበታቸው በጊዜ ብዛት ለተበላባቸው ሰዎች ነው፤ የመኪና አደጋና ስብራት ሌላ ጉዳይ ነው።

እርምጃ 1፦ ሕመሙ ከየት እንደሚነሳ ይወቁ

ጉልበት ላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉ ከጉልበት አይነሳም። የዳሌ መገጣጠሚያ ሲበላ ሕመሙ ወርዶ ጉልበት ላይ ሊሰማ ይችላል። የወገብ ነርቭ ሲጫንም እግር ያቃጥላል። ስለዚህ ዶክተሩ ዳሌዎንና ወገብዎን ካላየ እንዲያይ ይጠይቁ። ኤክስሬዩንም ቆመው ይነሱ። ተኝተው ከተነሱ ክፍተቱ ሰፋ ብሎ ሊታይና ጉዳቱ ቀላል ሊመስል ይችላል።

የበሽታውን ስም ይዘው ይውጡ። እኛ ሰፈር ሁሉም ነገር "ሪህ" ነው። ኦስቲዮአርትራይተስ የሚባለው፣ ልስልስ አጥንት በዕድሜ፣ በክብደትና በድሮ ጉዳት ተበልቶ የሚመጣው፣ አንድ ነው። ሩማቶይድ የሚባለው፣ የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያን ሲያጠቃ የሚመጣው፣ ሌላ ነው፤ የራሱ መድኃኒት አለው። ከዚህ በፊት ቲቢ ታመው ከሆነ ወይም ጉልበትዎ መግል ይዞ የሚያውቅ ከሆነ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ጉልበትዎ በድንገት አብጦ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ከጨመረ ደግሞ ይህን ማንበብ ያቁሙና ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

እርምጃ 2፦ ለሁለት ሳምንት ይጻፉ

አንድ ደብተር ይግዙ። ማታ ማታ ሦስት ነገር ይጻፉበት። ጉልበትዎ ዛሬ ምን አስቀረብዎት? ሌሊት ስንት ጊዜ ቀሰቀሰዎት? ስንት ክኒን ዋጡ? መጻፍ የማይችል ሰው ለልጁ ይንገርና ይጻፍለት። የእናቴን እኔ ነበርኩ የምጽፍላት። ከደብተሩ ልቅዳላችሁ፦

"ሰኞ፣ ገበያ አልወረድኩም። ማክሰኞ፣ ሌሊት ሁለት ጊዜ ነቃሁ። ረቡዕ፣ ቡና አፍልቼ ከበርጩማው ልጄ ጎትቶ አነሳኝ። ዓርብ፣ ልቅሶ ቀረሁ።"

የዓርቡን ስትነግረኝ ድምጿ ተለወጠ። "ሕመሙንስ ለምጄዋለሁ። ልቅሶ መቅረት ግን እንዴት ይለመዳል?" አለችኝ። ዶክተሩ ጋ ስንሄድ "ሕመምዎ ከ10 ስንት ነው?" ሲባል የተናገረችው ቁጥር የዚህን ሩብ ያህል እንኳ አይገልጽም።

ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ከዝርዝሩ ውስጥ ሦስት ነገር ይምረጡ። "እነዚህ ሦስቱ ቢመለሱልኝ ይበቃኛል" የሚሏቸውን። የእናቴ ሦስቱ፦ ደረጃውን ሳይቆሙ መውጣት፣ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት፣ ልቅሶና ማኅበር መሄድ። ስግደትን አራተኛ ላይ አስቀመጠችው። ይህ አራተኝነት በኋላ ብዙ ነገር ወሰነ።

እርምጃ 3፦ ሌላውን በትክክል ሞክረዋል?

"ሁሉንም ሞክሬ አልሆነልኝም" የማይል የለም። ሲጠየቅ ግን የሞከረው ክኒንና ቅባት ሆኖ ይገኛል። እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ከክብደት ልጀምር። አንድ ኪሎ ሲቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበትዎ ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ገደማ ይቀንሳል። ይህ ተለክቶ የታወቀ ነገር ነው። አምስት ኪሎ ቀነሱ ማለት 20 ኪሎ አቃለሉ ማለት ነው። ውሃ በጠፋ ሰሞን ቢጫዋን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ የወጣ ሰው 20 ኪሎ ምን እንደሆነ ያውቃል። በእያንዳንዱ እርምጃ ያቺን ጀሪካን ማስቀመጥ ነው።

ቀጥሎ እንቅስቃሴ። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር የጉልበትን ሸክም ይጋራል። ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ አንዱን እግር ቀጥ አድርገው ይዘርጉ፣ እስከ አምስት ይቁጠሩ፣ ቀስ ብለው ያውርዱ። አሥር ጊዜ፣ ከዚያ ሌላኛው እግር። ጠዋትና ማታ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አንዴ እንኳ አግኝተው ለእርስዎ የሚሆኑትን ቢያሳይዎት በጣም ጥሩ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ትንሽ ያማል። በማግስቱ ከተወ ችግር የለውም። ለውጡን ለመፍረድ ግን 12 ሳምንት ያህል ይስጡት፤ በሁለት ሳምንት "አልሠራም" አይባልም።

ከዘራ የሚይዙት በታመመው እግር በኩል ከሆነ እጅ ይቀይሩ። ከዘራ የሚያዘው በደህናው እግር በኩል ነው። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው ይቅደም። ይህቺን ትንሽ ነገር ለእናቴ ማንም ነግሯት አያውቅም ነበር።

ስለ ክኒን ደግሞ አጥብቄ የምናገረው አለ። ዳይክሎፌናክና መሰሎቹ ሕመም ያስታግሳሉ፤ ግን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ያደማሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ግፊት ከፍ ያደርጋሉ። እናቴ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ጠዋት በባዶ ሆዷ ዳይክሎፌናክ ትውጥ እንደነበር ያወቅነው ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ከተደናገጥን በኋላ ነው። ጾመኛ ከሆኑ፣ የግፊት ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ ከሆኑ፣ እነዚህን ክኒኖች ከፋርማሲ እየገዙ ዝም ብለው አይዋጡ። ዶክተሩ ሌላ አማራጭ ወይም የጨጓራ መከላከያ ሊያዝልዎት ይችላል።

ጉልበት ውስጥ የሚወጋ የስቴሮይድ መርፌም አለ። ለሳምንታት፣ ሲልም ለጥቂት ወራት ያስታግሳል። የተበላውን አይመልስም። መርፌ ተወግተው ሦስት ወር ሳይሞላ ጉልበት ማስቀየር የኢንፌክሽን አደጋን ስለሚጨምር ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡ።

አንደኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን ጋሼ እዚህ እርምጃ ላይ ቆሙ። ከእናቴ እኩል ያነክሱ ነበር። በአራት ወር ሰባት ኪሎ ቀነሱ፣ እንቅስቃሴውን በረንዳ ላይ ወንበር አውጥተው በየቀኑ ይሠራሉ። ሕመማቸው አልጠፋም፤ ግን ታክሲ ተራ ድረስ በእግራቸው ይሄዳሉ። እናቴም ያንኑ ሠራች። ሌሊቱ ግን አልተሻላትም።

እርምጃ 4፦ ምን እንደሚሰጥዎትና ምን እንደማይሰጥዎት ይለዩ

"ጉልበት መቀየር" ሲባል እናቴ እግሯ ተቆርጦ ሌላ የሚገጠም መስሏት ነበር። እንደዚያ አይደለም። የተበላው የአጥንት ጫፍ በስሱ ይላጫል፣ ከላይም ከታችም ብረት ይለብሳል፣ በመካከል ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። ብዙውን ጊዜ ከወገብ በታች ተደንዝዞ ይሠራል። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይዘው ያስነሱዎታል። የተበላው አንዱ ጎን ብቻ ከሆነ ግማሹን ብቻ መቀየርም ስላለ ይጠይቁ።

በጣም የሚሳካው ነገር ሕመምን ማስታገሱ ነው። የተጣመመ እግርም ይቃናል። ስለ ዕድሜው፣ ከ10 ሙሉ ቅየራዎች 8 ያህሉ 25 ዓመት እንደሚቆዩ ከብዙ ሺህ ሕሙማን መዝገብ ታይቷል።

መተጣጠፉ ግን እንደ ልጅነት አይሆንም። አዲሱ ጉልበት ብዙ ጊዜ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ድረስ ይታጠፋል። ከወንበር ለመነሳትና ደረጃ ለመውጣት ለመውረድ ይበቃል። ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ መነሳት ይከብዳል። ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳት ከዚያ በላይ መታጠፍ ስለሚፈልግ ለብዙ ሰው አይሆንም። እዚህ ዳር ከተማ ብዙ ግቢ ውስጥ ያለው ሽንት ቤት የቁጢጥ ነው። ስለዚህ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አፍሮ ሳይጠይቅ ይቀራል። ይጠይቁ።

ተንበርክኮ መስገድም እንዲሁ ነው። መንበርከክ ብረቱን አይሰብረውም፤ ግን ብዙዎች ያማቸዋል ወይም ይደነዝዛቸዋል። እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። ከቀዶ ጥገናው በፊት የነፍስ አባቷን አማከረች። "የታመመ ሰው ቆሞ አንገቱን ዝቅ ቢያደርግ ይበቃዋል" አሏት። አሁን በስቅለት ቀን መቋሚያዋን ተደግፋ ጎንበስ ትላለች። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ለታመመ ሰው ወንበር ላይ ሆኖ መስገድ የተፈቀደ ነው። ዋናው ነገር፣ ይህን ጥያቄ ከቀዶ ጥገናው በፊት መጨረስ ነው። መስገድ ከሦስቱ ምኞትዎ አንደኛው ከሆነ ሚዛኑ ይለወጣል።

የማገገሚያው ጊዜም የሚጠብቁትን ያህል አጭር አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው። በስድስት ሳምንት ገደማ ብዙዎች ከክራንች ይላቀቃሉ። በሦስት ወር ብዙ ነገር ይቀላል። እብጠቱና ግትርነቱ ሙሉ በሙሉ እስኪሄድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

እርምጃ 5፦ አደጋውን በሰው ቁጥር ያስቡት

በመቶኛ ሲነግሩኝ አይገባኝም፤ በእድር ላስረዳችሁ። 100 አባላት ያሉት እድር አለ እንበል። መቶውም ጉልበታቸውን አስቀየሩ።

ከ80 እስከ 90 የሚሆኑት "እንኳን አደረግኩት" ይላሉ። ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ደግሞ የጠበቁትን አላገኙም። አንዳንዶቹ ሕመሙ አልለቀቃቸውም፣ አንዳንዶቹ ጉልበታቸው ገትሮ ቀርቷል። ይህ ቁጥር ትልቅ ነው። ከሰፈር የምንሰማው ግን ወይ "ዳነች፣ ሮጠች" ወይ "እግሯ ቀረ" ነው። በመሃል ያለውን የሚያወራ የለም።

ከመቶው አንድ ወይም ሁለት ሰው ጥልቅ ኢንፌክሽን ይይዘዋል። ይህ ከሁሉም የሚከፋው ነው። ጉልበቱ እንደገና ይከፈታል፣ አንዳንዴ ብረቱ ይወጣል፣ ለወራት አንቲባዮቲክ ይወሰዳል። የእግር ደም መርጋትም አለ። የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ለሕይወት ያሰጋል። ለዚህ ነው ደም ማቅጠኛ የሚሰጠው፤ ቶሎ ተነስቶ መራመድ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ከቀዶ ጥገናው ጋር ተያይዞ የሚሞት ሰው ከመቶ አንድ አይሞላም። ግን ዜሮ አይደለም፤ ልብ፣ ሳንባና ዕድሜ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ጠባሳው ውጪ ጎን ላይ የሚደነዝዝ ቆዳ ደግሞ አብዛኛው ሰው ላይ ይቀራል። የእናቴም ደንዝዟል፤ "የሌላ ሰው ቆዳ ይመስለኛል" ትላለች።

እነዚህ ቁጥሮች የመጡት የሕሙማን መዝገብ ካላቸው አገሮች ነው። ስዊድን ለምሳሌ ከ1975 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የጉልበት ቅየራን ትመዘግባለች። የእርስዎ ቁጥር እርስዎን በሚሠራው እጅና ክፍል ይወሰናል። ስለዚህ እርምጃ 8 ላይ ያሉትን ጥያቄዎች አይለፏቸው።

እርምጃ 6፦ የራስዎን አደጋ ይቀንሱ

ዕድሜ መጀመሪያ። በእንግሊዝ በተጠና ጥናት፣ በ50ዎቹ መጀመሪያ ላይ ካስቀየሩ ወንዶች ከ100 ወደ 35 የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ድጋሚ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋቸዋል። ከ70 በኋላ ላስቀየሩ ይህ ወደ 5 ይወርዳል። ድጋሚው ከመጀመሪያው የከበደ ነው። ወጣት ከሆኑ እርምጃ 3 ላይ ረዘም አድርገው ይቆዩ።

ዕድሜን መቀነስ አይቻልም፤ ሌላው ግን በእጅዎ ነው። ስኳር ካለብዎት የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን ምርመራ (HbA1c) ያሠሩ። ብዙ ሐኪሞች ከ8 በመቶ በታች እስኪወርድ ቢቆይ ይመርጣሉ። ሲጋራ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይቁም። የደም ማነስ ካለ ይታከም። የተበላሸ ጥርስ፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ በጣቶች መካከል ያለ ቁስል ሁሉ የጀርም በር ነው። እናቴ ቀጠሮዋ ሦስት ሳምንት የተገፋው በአንድ የበሰበሰ መንጋጋ ነው። ያኔ ተናድጄ ነበር፤ ኋላ ግን ምክንያቱ ገባኝ።

እርምጃ 7፦ ቤቱን፣ ወቅቱንና ገንዘቡን ይዩ

ከሆስፒታል ሲወጡ እነዚያ 54 ደረጃዎች ይጠብቁዎታል። በክራንች ደረጃ መውጣትን ሆስፒታል ውስጥ ሳይለማመዱ አይውጡ። ከተቻለ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምድር ቤት ያለ ዘመድ ጋ ይረፉ። ሽንት ቤቱ መቀመጫ ከሌለው፣ መሃሉ የተቀደደ ጠንካራ ወንበር አስቀድመው ያሠሩ። ምንጣፍ ይነሳ። በርጩማው ይቅርና ከፍ ያለ ወንበር ይግባ። ውሃ ቀጂ ሰው ይኑር።

ወቅቱንም ያስቡ። የኛ ሰፈር መንገድ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭቃ ነው። ባጃጁ እንኳ ውስጥ ድረስ አይገባም። በክራንች ጭቃ ላይ መንሸራተት አዲሱን ጉልበት አደጋ ላይ መጣል ነው። እናቴ ጥቅምትን መረጠች። ጾም ላይ እንዳይወድቅም አስልታለች፤ ቁስል ለመዳን ፕሮቲን ይፈልጋል። በጾም ውስጥ የሆነበት ሰው ምስር፣ ሽሮና ባቄላውን ያብዛ፤ ፈቃድ ካገኘ ደግሞ ይብላ።

ጥየቃ የሚመጣው ሰው ወጌሻ ሊያመጣልዎት ይችላል፣ በቅን ልቡ። አመስግነው ይመልሱት። አዲስ ጉልበት አይታሽም። ቁስሉ ሳይዘጋ ጸበልም አይነካው፤ መጠጣት ይቻላል።

ገንዘቡን በጽሑፍ ይጠይቁ። አንድ ቦታ የነገሩን ዋጋ ደስ አሰኝቶን ነበር። ለካ የሚገጠመው ዕቃ ዋጋ አልገባበትም። ዕቃው፣ አልጋው፣ ደም ማቅጠኛው፣ ፊዚዮቴራፒው፣ ድንገት እንደገና ቢከፈት የሚከፈለው፣ ሁሉም ለየብቻ ይጻፍልዎት። የጤና መድን ካለዎት የትኛውን እንደሚሸፍን አስቀድመው ያጣሩ። ሕንድ ወይም ሌላ አገር ለመሄድ ካሰቡ፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ረጅም በረራ የደም መርጋት አደጋን እንደሚጨምር አይርሱ። ተመልሰው ሲመጡ እዚህ ማን እንደሚከታተልዎትም ሳይሄዱ ይወቁ።

እርምጃ 8፦ ዶክተሩን እነዚህን ይጠይቁ

በዓመት ስንት ጉልበት ይቀይራሉ? ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ ኢንፌክሽን ያዘው? እኔ ጋ ደረጃና የቁጢጥ ሽንት ቤት አለ፤ ምን ላድርግ? አንድ ዓመት ብቆይ ምን አጣለሁ? ጥሩ ዶክተር በዚህ አይቆጣም። የሚገጠመውን ዕቃ ስምና መጠን የያዘ ወረቀት ይቀበሉና ከመታወቂያዎ ጋር ያስቀምጡ። ከዓመታት በኋላ ድጋሚ ቢያስፈልግ ሌላው ሐኪም የሚፈልገው ይህንን ነው።

እርምጃ 9፦ ሚዛን ላይ ያስቀምጡት

የተበላ ጉልበት ቀዶ ጥገና ድንገተኛ አይደለም። ይህ ሳምንት ወይም ያኛው ወር አይለይም። በሌላ በኩል ደግሞ ጉልበቱ ገትሮ፣ ጡንቻው ሟሽሾ፣ እግሩ ተጣሞ እስኪያበቃ መቆየት ጥሩ አይደለም። ከመቀየሩ በፊት የማይታጠፍ ጉልበት ከተቀየረ በኋላም በደንብ ላይታጠፍ ይችላል።

አንድ ወረቀት ከመሃል ያስምሩ። በአንድ በኩል ሦስቱን ምኞቶችዎን ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ቀዶ ጥገናው ያንን የመስጠት ዕድሉ ከፍተኛ፣ መካከለኛ ወይስ ዝቅተኛ እንደሆነ ዶክተሩ የነገረዎትን ያስፍሩ። በሌላው በኩል በጣም የሚፈሩትን ይጻፉ፤ ከጎኑ ደግሞ ለመቀነስ ምን እንዳደረጉ። ከዚያ ራስዎን እንዲህ ይጠይቁ፦ "ከእነዚያ ከ10 እስከ 20 ሰዎች አንዱ ብሆን እችለዋለሁ?" መልሱ "አልችልም" ከሆነ ገና ነው።

ቤተሰብ ይመክር፤ ውጭ አገር ያለው ልጅ ገንዘቡን ይላክ። መወሰን ግን ጉልበቱ ያለው ሰው ነው። ወንድሜ ከውጭ ደውሎ "በቃ ትሠራ፣ እኔ እከፍላለሁ" ሲል እናቴ ስልኩን ተቀብላ፣ "ገንዘቡ ያንተ ነው ልጄ፣ ጉልበቱ የኔ ነው" አለችው። የስምምነት ወረቀቱንም በደንብ አስነብባ ነው የፈረመችው። ፈርመውም ቢሆን ሐሳብዎን መቀየር ይችላሉ፤ ማደንዘዣው እስኪሰጥ ድረስ መብትዎ ነው።

እናቴ ጥቅምት ላይ አስቀየረች። አሁን 54ቱን ሳትቆም ትወጣለች፤ መቁጠሩን ግን አልተወችም። ጋሼ ደግሞ ደብተር ገዝተዋል። ታኅሣሥ ላይ እንደገና ሁለት ሳምንት ሊጽፉበት ነው።